ከመቀመጫ የመነሳት ወንጀል

ጥቅምት 19 ቀን 2012 ዓ.ም
እንጅባራ

ለክቡር አቶ ምንይችል
የወለላ የቤተሰብ መዝናኛ ፓርክ ዋና ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ ከበራችሁ ላይ የአንድ ሽማግሌ ፎቶግራፍ እንዲወርድ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ፣ ለፓርኩ ሠራተኞችና ለጥበቃዎቹ፣ ከባሕር ማዶ ተጭኖ ለመጣው ማሽናችሁም ሳይቀር የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የጥቅምት ብርድ እንጅባራ ላይ ሰው እንደማይመርጥ አውቃለሁና ጤናዎን እንዲጠብቅልዎ፣ በተለይም ወገብዎንና ጉልበትዎን እንዳያምዎ ፈጣሪን እለምናለሁ፤ ተቀምጠው የሚውሉ ሰው ስለሆኑ ነው። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን፤ ከአንድ ሰው በስተቀር። ይህን የምጽፍልዎም ስለ እሳቸው ነው።

ማን እንደሆንኩ ባጭሩ ላስታውቅዎ። እታለማሁ እባላለሁ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ሰው ሲካሰስ፣ ሲማማልና ሲወነጃጀል ስሰማና ስጽፍ ነው ጸጉሬ የሸበተው። የሰረቀ፣ የደበደበ፣ ድንበር የገፋ፣ በሐሰት የመሰከረ፣ የስንቱ መዝገብ በእጄ አልፏል መሰልዎ! ለሰው ክብር ብሎ ከመቀመጫው በመነሳቱ የተቀጣ ሰው ግን በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም አልገጠመኝም። ይህን የዕውቀት ጉድለቴን ስለሞሉልኝ ከወዲሁ አመሰግናለሁ።

የተቀጡት ታላቅ ወንድሜ አቶ ሽባባው ናቸው። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ከአዲስ ቅዳም ወዲህ ባለችው ቀበሌያችን ገበሬ ናቸው፤ የፈረሰኞቹ አለቃ ናቸው፤ ሁለት ሰው ሲጣላ መጀመሪያ የሚጠሩት ሽማግሌም እሳቸው ናቸው። ከመስከረም 25 ጀምሮ ግን ፎቶግራፋቸው በፓርካችሁ በር፣ በቲኬት መሸጫው መስኮትና በፈረስ ሜዳው አጥር ላይ፣ በሦስት ቦታ፣ «በሥርዓት አልባነት የታገዱ» ከሚል ቀይ ጽሑፍ ሥር ተለጥፎ ይገኛል። በቀኛቸው ስልክ ሲሰርቅ የተያዘ ጎረምሳ አለ፤ በግራቸው ጠጥቶ ከሰው ሠራሹ ፏፏቴያችሁ ውስጥ የሸና ሰው አለ። ወንድሜን መሐል ስላደረጋችኋቸው እናመሰግናለን፤ መቼም ለሽማግሌ የመሐሉ ቦታ እንደሚገባ ማወቃችሁ አንድ ነገር ነው።

አቤቱታዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ የመዝገብ ቤት ልማድ ሆኖብኝ ነውና እንዳይታዘቡኝ።

1ኛ. ስለ መመሪያው።

በሩ ላይ የሰቀላችሁትን ባለ አሥራ ሰባት አንቀጽ «የጎብኚዎች የሥነ ምግባር መመሪያ» መነጽሬን አድርጌ፣ ብርድ ላይ ቆሜ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብቤዋለሁ። ሙሉውን ያነበብኩ ብቸኛዋ ሰው እኔ ሳልሆን አልቀርም፤ ያጸደቀውን ሰው ጨምሮ ማለቴ ነው። አንቀጽ ሦስት ቆዳችን በፀሐይ እንዳይቃጠል ቅባት እንድንቀባ ይመክረናል፤ እኛ ደግሞ ነሐሴን በሁለት ጋቢ የምናሳልፍ ሰዎች ነን። አንቀጽ አሥራ አንድ በባሕሩ ዳርቻ አሸዋ ላይ ጠርሙስ እንዳንሰብር ያስጠነቅቀናል። ባሕሩን ፈልጌ አጣሁት። እንጅባራ ላይ ባሕር ተገኝቶ ከሆነ ለዞናችን ታላቅ የምሥራች ነውና በይፋ ቢነገረን ምን ነበረበት? ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። መመሪያው ከየት እንደተቀዳ ስጠይቅም፣ ከቢሮዎ የተሰጠኝ መልስ እርስዎ ለሦስት ሳምንት ባሕር ማዶ ሄደው የሠለጠኑ መሆንዎን ብቻ የሚያወሳ ነበር። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች አሉ።

እውነቱን ለመናገር፣ እኛም ጥፋት የለብንም አልልም። እንግዳ ስናይ እናበዛዋለን። ከጫግኒ የመጣች አንዲት ሴት ማንጎ ልጣ፣ በገዛ እጇ፣ ከዚያ በፊት አይታው ለማታውቀው ፈረንጅ ስታጎርሰው ሰውየው ደንግጦ ሊያለቅስ እንደደረሰ አስጎብኚያችሁ ሶስና ነግራኛለች። ፈረንጆቹም ቢሆኑ ሳይጠይቁ የተኛ ሕፃን ፎቶ ያነሳሉ፤ ከአዲስ አበባ የሚመጡት ወገኖቻችን ደግሞ ድምፅ ማጉያ ተሸክመው መጥተው ዛፍ ላይ ያለውን ወፍ ሁሉ ያስደነብራሉ። ሁሉም እንደ አገሩ ነው፤ መተራረም ያስፈልጋል። ነገር ግን በአንቀጽ ስድስት «በበሩ አካባቢ የሚደረግ ሰላምታ ከግማሽ ደቂቃ መብለጥ የለበትም» ተብሎ ሲጻፍ ጤንነታችሁን እጠራጠራለሁ። በግማሽ ደቂቃ እኮ እኛ ገና ልጆቹን ጠይቀን ከብቱ ጋ አልደረስንም! ሰውን «እህሉስ እንዴት ነው» ሳይሉት ጥለውት የሚሄዱ ከሆነማ፣ ቀድሞስ ለምን ሰላም ይሉታል?

2ኛ. ስለ ሰልፉ።

መስከረም 25፣ እሑድ፣ አዲሱ በማሽን የሚወዛወዝ የመጫወቻ ጀልባ ሥራ በሚጀምርበት ዕለት ወንድሜን «አንድ ቀን እንኳ ከእርሻና ከሰው ጠብ ይረፉ» ብዬ ለምኜ ያመጣኋቸው እኔ ነኝ፤ ጥፋት ካለ አንደኛ ተከሳሽ እኔ ልሁን። አንቀጽ ሰባት «ጎብኚ ተራውን ለሌላ አሳልፎ መስጠት አይችልም» እንደሚል ያን ጊዜ አላወቅንም። ከፊት የነበረችው ወጣት ከኋላዋ አንድ አዛውንት ስታይ እርስዎ ይቅደሙ አለቻቸው። አዛውንቱ ልጅ ያዘለች እናት አዩና ለእሷ ለቀቁ። እናትየዋ ዞር ስትል ወንድሜን አየች። ወንድሜ ደግሞ ዞር ሲሉ ከሰልፉ ጭራ ላይ ሁለት ፈረንጆች፣ ከኖርዌይ የመጡ ባልና ሚስት፣ ቆመው አዩ። እንግዳ ቆሞ አገሬው ሊሳፈር ነው? ኧረ ወዲያ! ሰልፈኛው በሙሉ ተባብሮ ሰዎቹን ወደ ፊት ይገፋ ጀመር። እነሱ ደግሞ፣ በኋላ ሶስና እንዳስረዳችኝ፣ ባደጉበት አገር ሰልፍ ማለፍ ትልቅ ነውር ነውና ፊታቸው በርበሬ መስሎ ወደ ኋላ ይመለሳሉ። እኛ እንገፋለን፣ እነሱ ይመለሳሉ። ጀልባችሁ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ባዶውን ቆሞ ጠበቀን።

ታዲያ ይህን ማን ፈታው? አንቀጽ ሰባት አልፈታውም። ወንድሜ መሐል ገብተው፣ እንግዶቹም ብቻቸውን አይቅደሙ፣ እኔም ብቻዬን አልቅደም፣ አብረን እንሂድ አሉ፤ ሦስቱም በአንድ ወንበር ተቀመጡ። ቋንቋ ሳይገባቡ ተሳሳቁ። ሰልፉም ወዲያው ተንቀሳቀሰ። ይህን አገልግሎት በነጻ ስላገኛችሁ ደስ ብሎኛል።

3ኛ. ስለ ወንጀሉ።

አሁን ወደ ፍሬ ነገሩ ልግባ። ያን ዕለት ጀልባውን እንዲባርኩ መምሬ ትዕዛዙን የጠራችኋቸው እናንተ ናችሁ። እሳቸው ደግሞ የወንድሜ የንስሐ አባት ናቸው። የተሳፈሩበት ባጃጅ መንገድ ላይ ስለተበላሸ ዘገዩ፤ እናንተም ቡራኬው ሳይደርስ ማሽኑን አስነሳችሁት፤ ምን ያስቸኩላችሁ እንደነበር እግዜር ይወቅ። ጀልባው ገና ለስላሳ መወዛወዝ ሲጀምር መምሬ መስቀላቸውን ይዘው ከበሩ በኩል ብቅ አሉ።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ይፍረዱ። የንስሐ አባታቸው ከታች ሲያልፉ ሰባ አንድ ዓመት ሙሉ ሲነሱ የኖሩ ሰው ምን ያድርጉ? ከጭናቸው ላይ የተጫነውን ብረት እንደ በረት መወርወሪያ ከፍ አድርገው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ኖር ብለው ብድግ አሉ። ኖርዌያዊው እንግዳ ከጎናቸው ያሉት ሽማግሌ ሲነሱ ሲያይ የአገራችን ደንብ መስሎት እሱም ተነሳ። ሚስቱም ተከተለችው። ከዚያማ ምኑን ልንገርዎ፤ በጀልባው ላይ የቀረ ተቀማጭ አልነበረም። አሥራ ዘጠኝ ሰው ነበርን፤ አሥራ ዘጠኛችንም ቆመናል። እኔም ከኋላ ወንበር ተነስቼ ነበር፤ ይህንንም ማንም ሳያስገድደኝ በጽሑፍ አምናለሁ። ማሽኑ ቶሎ ያልቆመውም ሠራተኛችሁ ማጥፊያውን ትቶ መስቀል ሊሳለም ስለሮጠ ነው። በዚህ አልፈርድበትም፤ የማን ልጅ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ጥሩ አድርገው አሳድገውታል።

አደጋ ሊደርስ ይችል ነበር፤ አልክድም። አንድ ሰው ቁልቁል ቢወረወር ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ሌላ ዓይነት ደብዳቤ ነበር። እግዚአብሔር ጠብቆን ከወንድሜ ባርኔጣ በስተቀር የወደቀ የለም። ነገር ግን አንድ ሠራተኛ ጠጋ ብሎ፣ አባባ፣ እዚህ ላይ ሲሆን ተቀምጠው ነው የሚሳለሙት ብሎ ቢነግራቸው ይበቃቸው ነበር። ወንድሜ ፈረስ የሚገሩ ሰው ናቸው፤ በሚንቀሳቀስ ነገር ላይ መቼ እንደሚቀመጡ ሲነገራቸው ይገባቸዋል። እናንተ ግን በሁለት ጥበቃ አስይዛችሁ፣ ከግድግዳ አስደግፋችሁ፣ ባርኔጣቸውን እንኳ ሳትመልሱላቸው ፎቶ አነሳችኋቸው። ለዚህ ነው በፎቶው ላይ ራሳቸው ባዶ የሆነው። ሰው ያልሆነውን እንዲመስል ማድረግ ጥበብ ነውና ፎቶ አንሺያችሁን አድንቁልኝ።

4ኛ. ስለ ጭማቂው።

አሥራ ዘጠኝ ሰው ተነስቶ አንድ ሰው ብቻ መለጠፉን እንደ አጋጣሚ ላየው ሞክሬ ነበር። በኋላ እንደሰማሁት ግን ለኖርዌይ እንግዶች «ለተፈጠረው መደናገጥ» ተብሎ በደብዳቤ ይቅርታ ተጠይቋል፤ ሁለት ብርጭቆ ጭማቂም ቀርቦላቸዋል። ለአንድ ዓይነት አነሳስ፣ በአንድ ወንበር፣ በአንድ ደቂቃ፣ ለእንግዳው ጭማቂ፣ ለባለ አገሩ ቀይ ጽሑፍ! ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል። እንግዳውን ስላከበራችሁ አልከፋኝም፤ እኛም ብንሆን እሱን ነው ያስቀደምነው። ሰውየው ራሱ ጭማቂውን ሳይጠጣ ወንድሜን ሲፈልግ እንደነበር ሶስና ነግራኛለች። ከእርስዎ ፓርክ ሥነ ምግባር ተምሮ የሄደ ጎብኚ ቢኖር እሱ ነው፤ ያስተማሩት ግን ታግደዋል።

5ኛ. ስለ መንትያው።

ይህን ስጽፍ ሳቄም እንባዬም እየመጣ ነው። ከበሩ በላይ «እንኳን ወደ ወለላ በሰላም መጡ» የሚል ትልቅ ሰሌዳ አለ። በሰሌዳው ላይ በጌጠኛ ፈረስ ላይ ሆነው፣ ባርኔጣቸውን አቅንተው፣ ጎብኚውን ፈገግ ብለው የሚቀበሉት ማን ናቸው? ወንድሜ ናቸው። ከሁለት ዓመት በፊት ራሳችሁ ናችሁ መጥታችሁ ፎቶ ያነሳችኋቸው። ስለዚህ አንድ ሰው ከላይ ሆነው «ግቡ» ሲሉ፣ ከታች ሆነው «እንዳይገቡ» ተብለዋል። አንዲት ጎብኚ ይህ ያ ሰውዬ አይደለም ወይ ብላ ብትጠይቅ፣ ምስኪኗ ሶስና የምትለው ቢጠፋት መንትዮች ናቸው አለች! ልጅቷን አልነካትም፤ እንጀራዋ ነው፤ እሷም አፍራ ነው የነገረችኝ። ብቻ ወንድሜን በሰባ አንድ ዓመታቸው መንታ አድርጋችሁብኛል። እናታችን በሕይወት ብትኖርና ብትሰማ፣ ሁለተኛውን የት አደረሳችሁብኝ ብላ ቢሮዎ ድረስ ትመጣ ነበር።

6ኛ. ስለ ቅጹ።

ፎቶው እንዲወርድ ስጠይቅ «የይቅርታና የግዴታ ቅጽ» የሚባል ወረቀት ሰጣችሁኝ። ወንድሜ አማርኛ ይሰማሉ እንጂ የቢሮ ወረቀት ሲሆን በአገውኛ ካልተነበበላቸው አይረኩም፤ ስለዚህ ቤታቸው ሄጄ ቃል በቃል አነበብኩላቸው። እስከ ሦስተኛው መስመር ድረስ በትዕግሥት ሰሙኝ። በጀልባ ላይ አልቆምም የሚለውን «ልክ ነው» አሉና ጣታቸውን ለቀለም ዘረጉ። አራተኛው መስመር ግን «ወደፊት በፓርኩ ቅጥር ግቢ ውስጥ ለማንኛውም ሰው ከመቀመጫዬ ላልነሳ ቃል እገባለሁ» ይላል። የቀለድኩባቸው መስሏቸው ሳቁ። ደግሜ አነበብኩላቸው። ጣታቸውን ሰበሰቡ።

ያሉትንም ሳልጨምር ሳልቀንስ ላቅርብልዎ፤ የሰው ቃል ሳላዛባ መመዝገብ ሙያዬ ነው። ያልተነሳሁለት ሰው የለም፤ ለድሃም ተነስቻለሁ፣ ለተጣላኝም ተነስቻለሁ፣ ልጅም ቢሆን ውኃ ይዞልኝ ሲመጣ ተነስቻለሁ፤ ይህን ከፈረምኩ ምን ይቀረኛል? ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄውን እንዳለ መዘገብኩት፤ መልስ እርስዎ ካለዎት ቢልኩልኝ አደርስላቸዋለሁ።

7ኛ. ስለደረሰው ጉዳት።

እስካሁን ያልኩትን በቀልድ ሊያልፉት ይችላሉ። ይህን ግን እንዲያልፉት አልፈቅድም።

በቀበሌያችን መሳፍንትና ይኸነው የሚባሉ ሁለት ጎረቤታሞች ለከሰል በሚተከል የዲከረንስ ዛፍ ማሳ ድንበር ተጣልተዋል። ዛፉ ለከሰል ሲደርስ አንዱ የሌላውን ቆርጧል ነው ነገሩ። በዚህ ክረምት ሁለት ጊዜ ገጀራ ተማዘዋል፤ ሁለቱንም ጊዜ መሐል ገብተው የመለሷቸው ወንድሜ ናቸው። ዕርቁ ጥቅምት 8 ሊፈጸም ተቀጥሮ ነበር። ሁለቱም ወገን እሺ ብሎ ነበር። በዚያው ሰሞን ግን ይኸነው ለጉዳይ እንጅባራ ወርዶ በበራችሁ በኩል አለፈ። ሲመለስ፣ ፎቶው ከሌባ ጎን የተለጠፈ ሰው እኔን ሊያስታርቅ? ብሎ ቀጠሮውን አፈረሰ። ይህ ለወንድሜ ሲነገራቸው ይቆጣሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። እውነቱን ነው አሉና ወደ ቤት ገቡ።

ከዚያ ወዲህ ፈረሳቸውን ሌላ ሰው ነው ውኃ የሚያጠጣው። ገበያ አይወጡም። ሰው ሊጠይቃቸው ሲገባ አሁንም ይነሳሉ፤ ቀና ብለው ግን አያዩም። ሁለቱ ጎረቤታሞች በየማሳቸው ገጀራቸውን ይዘው ይውላሉ፤ ሚስቶቻቸው በየዕለቱ እየመጡ ከወንድሜ ደጅ ቁጭ ብለው ይሄዳሉ። ነገ አንዱ አንዱን ቢመታ መዝገቡ ላይ የእርስዎ ስም አይጻፍም፤ ይህን ከማንም በላይ እኔ አውቃለሁ። እኔ ግን በልቤ እጽፈዋለሁ። ተናድጃለሁ፣ አቶ ምንይችል። አዝኛለሁም። በመላው ሕይወታቸው ለሰው ሥርዓት ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው «ሥርዓት አልባ» ተብለው ተጽፎባቸው ሳይ፣ ያን ጽሑፍ በጥፍሬ ልፍቀው ቃጥቶኝ ነበር፤ ያቆመኝ አንቀጽ አሥራ አራት ነው፤ «የፓርኩን ንብረት መቧጨር ያስቀጣል» ይላልና።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። አባትዎና አጎትዎ በውርስ መሬት ተካስሰው ነበር፤ እርስዎ ያን ጊዜ ተማሪ ስለነበሩ ላያስታውሱት ይችላሉ። መዝገቡን የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ የዘጋሁትም እኔ ነኝ። ከጀርባው «በሽማግሌ ዕርቅ ተዘግቷል» ብዬ የጻፍኩት በእጄ ነው። ያ ሽማግሌ ማን እንደሆኑ እኔ አልነግርዎትም፤ አባትዎን ይጠይቋቸው። ሲጠይቋቸውም ቆመው ይጠይቋቸው።

በአጠቃላይ የምለምነው ብዙ አይደለም። ካሣ አልጠየቅኩም። ጭማቂም አንፈልግም። መመሪያውም ባሕሩ እስኪገኝ ድረስ እንደተሰቀለ ይቆይ። ሦስቱ ፎቶዎች ይውረዱ፤ የሚያወርዳቸውም ሰው የአገሩ ልጅ ይሁን፤ የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ነውና። ከዚያም አንድ ሰው ከፓርኩ ወደ ወንድሜ ቤት ይሂድና ባርኔጣቸውን ይመልስላቸው። በር ላይ ሲደርስ እንደሚነሱለት ዋስ እሆናለሁ።

ለሰጡኝ ጊዜ፣ ለሚሰጡኝ መልስና ላልሰጡኝም መልስ ጭምር በቅድሚያ እያመሰገንኩ፣ ሥልጣንዎ እንዲረዝም፣ ወንበርዎም እንዲመችዎ፣ ጎብኚዎችዎም ከየአገሩ እንዲበዙልዎ ከልብ እመኛለሁ።

ባይነሱልኝም ቆሜ የፈረምኩልዎ አክባሪዎ፣

እታለማሁ
ከእንጅባራ

ግልባጭ፦
ለመምሬ ትዕዛዙ፤ ሳያውቁት የወንጀል መነሻ ሆነዋልና እንዲያውቁት
ለማሽኑ ሠራተኛ፤ እንዲበረታ
ለበሩ ጥበቃ፤ ፎቶው አጠገብ ቁጭ ብሎ እንዲያነበው

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ደብዳቤዬን ጨርሼ ልልከው ስል ከፓርካችሁ የባህል ክፍል የወጣ፣ ማኅተም ያለበት የጥሪ ወረቀት ወንድሜ ዘንድ ደረሰ። «ለአቶ ሽባባው፣ የፈረሰኞች አለቃ» ይላል፤ ኅዳር 7 በሚከበረው የባህል ቀን ከውጭ ለሚመጡ እንግዶች የፈረስ ጉግስ ለማሳየት ሰማንያ ፈረሰኛ ይዘው በዋናው በር እንዲገቡ በአክብሮት ይጋብዛቸዋል። ፈረሰኞቹ እሳቸው ያልገቡበትን በር አንረግጥም ብለው ነበር። ወንድሜ ተቆጧቸው፤ ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ባዶ ሜዳ አይቶ አይመለስም፣ ትሄዳላችሁ አሏቸው። ስለዚህ ሰማንያውም በሰዓቱ ይመጣሉ፤ ፈረሶቹም በሙሉ ጌጣቸው ይሆናሉ። እንደሚያውቁት ግን በእኛ ዘንድ ፈረሰኛ ከሽማግሌ ፊት ሲደርስ ይወርዳል፤ ፈረሰኞቹም ተሰብስበው ለሰውየው የሚገባው ለፎቶውም ይገባል ብለው ወስነዋል። በሩ ላይ ሲደርሱ ሰማንያውም ይወርዳሉ፤ ፈረሶቻቸውን በልጓም እየሳቡ ወደ ሜዳው ይገባሉ፤ በሜዳው አጥር ላይም ሦስተኛው ፎቶ ስላለ ተመልሰው ፈረስ ላይ መውጣት አይሆንላቸውም፤ ሜዳውን በእግራቸው ሦስት ጊዜ ዞረው፣ እጅ ነስተው ይመለሳሉ። ይህ ማስፈራሪያ አይደለም፣ ክቡር ሆይ፤ የፕሮግራም ማሳወቂያ ነው። እንግዶቹ ፈረሰኛው ለምን ፈረሱ ላይ እንደማይወጣ ሲጠይቁ፣ እርስዎ ራስዎ ከመቀመጫዎ ብድግ ብለው ቢያስረዱልን ደስ ይለናል።